ሐሙስ ሐሙስ የበላሁት

ውድ አክስቴ ኦልዌን፣

ፑዲን ደህና ነው። ነርሷ ስልክ ደውላ «ስለ ድመታቸው እንጂ ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አይጠይቁም» ስላለችኝ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርዎት። እኔ ቤት ነው ያለው። ባለቤቴን ከትራሱ አባሮ እሱ ይተኛበታል። ምግቡንም ጥርግ አድርጎ ይበላል።

እኔ ግን በአምቡላንሱ አብሬዎት ከሄድኩበት ቀን ወዲህ ብቅ አላልኩም። «ሥራ በዝቶባት ነው» እያሉ ለነርሶቹ ሲከላከሉልኝ ይታየኛል። ሥራ አልበዛብኝም፤ አውቶቡሱም ከደጃችን ነው የሚነሳው። ፊትዎን ለማየት አፍሬ ነው። በአፌ የማልደፍረውን በወረቀት ልሞክረው።

ነገሩ የጀመረው እኔ የምሠራበት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ሒሳብ የምትቀበለውን ሜናን ያውቋታል፤ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ክፉ አይደለም። ባለፈው መከር፣ የቤት ማሞቂያ ዋጋ ጣሪያ በነካ ጊዜ፣ ረቡዕ ረቡዕ የሚገዙትን ዕቃ በዓይኗ ትከተል ጀመር። የፑዲን ምግብ የታሸገባቸው ቆርቆሮዎች፣ አንድ ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል፣ በስሱ የተቆረጠ ጥቂት የአሳማ ሥጋ። ሌላ የለም።

«ኔሪስ፣ አንድ ድመት ይህን ሁሉ ቆርቆሮ ይጨርሳል?» አለችኝ አንድ ቀን፣ እርስዎ ከበሩ እንደወጡ። «ሴትዮዋ ራሷ ሳትሆን አትቀርም የምትበላው። ጡረተኞች እንደሚበሉ ሰምቻለሁ።»

አፍሽን ያዢ አልኳት። ወሬው ግን ከእኔ ጋር ቤቴ ድረስ መጣ። ያስቡት እስቲ፤ እርስዎ እኮ በትምህርት ቤቱ ኩሽና የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያበሉ ሴት ነዎት። ሳህኔ ላይ ድንች ጨምረው «ሂጂ፣ ማንም አላየሽም» ያሉኝን መቼም አልረሳውም፤ በሥጋ ባንዛመድም አክስቴ የምልዎት ለዚህ ነው። ባልዎ ኤምሊን የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ አቧራ ሳንባውን በልቶት ሲያርፍ እንኳ፣ ለቀብር የመጣነውን ሁሉ አብልተው ነው የሸኙን። እርስዎና የድመት ቆርቆሮ በአንድ ላይ አልገጠሙልኝም።

የኛን ሰፈር ሕግ ለእርስዎ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ግን ጥፋቴ ያለው እሱ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ የቀረበለትን አይመልስም። «በቃኝ» ማለት «ቤታችሁ ጎድሏል፣ አይቻለሁ» ማለት ነው። የከሰል ጉድጓዱ ተዘግቶ አባቶቻችን ሥራ ፈትተው በተቀመጡበት ዓመት፣ እናቴ ሰው ቤት ስትወስደኝ «የሰጡሽን ጨርሺ፤ አታዋርጃቸው» ትለኝ ነበር። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እርስዎ ዘንድ ጎራ ስል፣ ያቺን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ከሻይ ጋር ሲያቀርቡልኝ እጨርሳታለሁ። ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። እንደማላምነው እንዲያውቁልኝ ብዬ፣ አፌን ሞልቼ እያጣጣምኩ፣ ድገሚ ሲሉኝ እየደገምኩ በላሁ። ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ካፖርትዎን ሳያወልቁ ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር።

በመጨረሻም ጠየቅኩዎት። «አክስቴ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ የፑዲንን ምግብ ይበላሉ የሚሉ አሉ» አልኩ፣ ዓይኔን ከስኒው ሳላነሳ።

እንዴት እንደሳቁ! «የፑዲንን? እሱ መቼ ያስነካኛል! ኤምሊን ነፍሱን ይማረውና፣ አንዴ በስህተት ዳቦው ላይ ቀብቶት 'ዛሬስ ጥሩ ገዝተሻል' እያለ ጨርሶታል። እኔ ግን ቀምሼውም አላውቅ።» ከዚያ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ይልቅ አንቺ ብዪ፤ ከስተሻል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ቀደም ብዬ በልቻለሁ።»

ይህን መልስ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እሰማው ነበር። በዚያን ቀንም ሰማሁት፣ አመንኩትም፤ ለማመን ቸኩዬም ነበር። ቀልሎኝ እየተጣደፍኩ ወጣሁ።

አሁን የሚብሰውን ልንገርዎት። ሜና ለካስ ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ነግራ፣ ለተቸገረ የሚሰጡትን የምግብ ሳጥን ለእርስዎም አዘጋጅተው ነበር። ያስመለስኩት እኔ ነኝ። እርስዎን በጠየቅኩ ማግስት ይህን ሰምቼ ሄጄ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «እሳቸው ደጅ ሳጥን ብታስቀምጡ ዕድሜ ልካቸውን አያናግሯችሁም። ደግሞ ምን ጎድሏቸው? ትናንት እንኳ ሁለት ሳንድዊች አብልተውኛል» አልኳቸው። ክብርዎን የጠበቅሁልዎት መስሎኝ ነበር። ሳጥኑ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል። ያ ሐሙስ መጣ፤ ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ፤ ፑዲን ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ ይጮህብኛል። በጓሮ ዞሬ ስገባ ከማብሰያው ሥር ወድቀው አገኘሁዎት። ሳነሳዎት ክብደት የለዎትም። እጄ ላይ የቀረው ካፖርቱ ብቻ መሰለኝ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ወደ ጎን ወስዳኝ «ምግብ የሚሠራላቸው ማነው?» አለች። ራሳቸው ናቸው፣ ጎበዝ ወጥ ቤት ናቸው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «የጣላቸው ሌላ በሽታ አይደለም። ለወራት በቂ ምግብ አልበሉም» አለችኝ።

በዚያው ቀን የሌሊት ልብስዎን ልወስድ ቤትዎ ተመለስኩ። ሳይፈቀድልኝ ቁምሳጥንዎን ከፈትኩ፤ ለዚህም ይቅርታ። የፑዲን ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። የእርስዎ ግን ሻይ ቅጠል፣ ትንሽ ስኳር፣ ከከረጢቱ ሥር የቀረ አጃ ብቻ። ማቀዝቀዣው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ ብቻ ነበር፤ ረቡዕ ከእኔ የገዙት፣ እኔው በእጄ ሒሳቡን የተቀበልኩበት። ሐሙስ ለእኔ ሊያቀርቡልኝ ያስቀመጡት ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በየቀኑ ዋጋ ስደምር የምውል ሰው ነኝ። የድመት ቆርቆሮ በመደርደሪያው ማዶ ካለው የሰው ሰርዲን እንደሚወደድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ገንዘብ ያጠረው ሰው ለመቆጠብ ብሎ የድመት ምግብ አይበላም። ለድመቱ ይገዛና የራሱን ይተዋል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልገኝም ነበር፤ ማሰብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰፈሩ መከሩን ሙሉ ትበላለች አትበላም ሲባባል ከርሞ፣ አለመብላትዎን ሲሰማ ተገላገለ። ታዲያ ምን ይበላሉ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የሜና ወሬ ውሸት ነበር፤ ወሬውን ያመኑት ግን ሳጥን አዘጋጁ። ያላመንኩት እኔ ሳጥኑን አስመለስኩ፣ የቀረዎትንም ምግብ በላሁ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም። ይቅር ብዬሻለሁ ቢሉኝም አሁን አላምንዎትም፤ እዚህ ያደረሰን በልቻለሁ ሲሉኝ ማመኔ ነው።

ትናንት ነርሷ እንደገና ደውላ ነበር። ሰኞ ሊያስወጡዎት ይችላሉ፤ ነገር ግን መብላትዎን የሚያይ ሰው ከሌለ ቤትዎ አይመልሱዎትም፣ ካርዲፍ ከተማ ወደሚገኝ የአረጋውያን ማቆያ ይልኩዎታል። እዚያ ደግሞ ድመት አይገባም። «ሰው አለ፤ እኔ ነኝ» አልኳት። ሳልጠይቅዎት ነው። መቼም ጎረቤት ሊጠብቀኝ ነው ወይ ብለው እንደሚንጨረጨሩ አውቃለሁ። ይንጨርጨሩ፤ ማብላቱ አሁን የእኔ ተራ ነው።

ሰኞ ከሜና ጋር በመኪናዋ መጥተን እንወስድዎታለን። ቤትዎ እንዲሞቅ አድርጌያለሁ። ፑዲንን ግን አላመጣልዎትም። የፈለገው ሰው እኔ ቤት ገብቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከዚያ ይወስደዋል። ማታ አብሮዎት ይደር፤ ጠዋት ከሥራ በፊት መጥቼ እሰርቀዋለሁ። በማግስቱም እንደዚያው ነው። ሊከሱኝ ከፈለጉ ይክሰሱኝ።

ለራስዎ ብለው እንደማይበሉ ገብቶኛል። ለእሱ ብለው ይብሉ።

ድመትዎን የያዘችብዎት፣
ኔሪስ