በአዲስ አበባ በኩል

ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ካለህበት ከአሶሳ እስከ አገራችን አርባ ምንጭ በአየር አምስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

ወንድሜ መላኩ፣ ከነባለቤትህ ከነልጆችህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ርቀቱን የነገረችኝ ትኬት ቢሮ የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ፀጋ ናት። «ጋሼ፣ ቀጥታ በረራ ቢኖር አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ደግነቱ የለም፤ ወንድምዎ ወደደም ጠላም በእኛ በኩል ያልፋል» ብላ ሳቀች።

ለፋሲካ ስታልፍ ከኤርፖርት ደውለህ «ጊዜ የለኝም» ብለኸኝ ነበር። ለመስቀል ስትሄድ ግን እኔ ጋ እደር። እኔ ዘንድሮ አገር ቤት አልወርድም። ሥራ በዝቶብኛል፤ ለእናታችንም እንዲሁ በላት።

ባለፈው ለሳሌ ብዬ ጳውሎስ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ትሑት ልጅ ነው። «በሚቀጥለው ዘመድ ይዘው ይምጡ» አለኝ።

«ጎረቤት አይሆንም?» አልኩት።

«የሥጋ ዘመድ ቢሆን ይሻላል» አለ።

ቀጠሮው አንተ በምታልፍበት ሰሞን ነው።

ይህን የምጽፍልህ አዲሱ ገበያ፣ ሸማዬን ከምትረከበኝ ከዓለምነሽ ሱቅ ተቀምጬ ነው። ነጠላውን ዘርግታ ጥለቱን በጣቷ ስትከተል ቆየችና መሀል ላይ፣ ጥለቱ ከተዛነፈበት ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ሀብቴ፣ ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ታዲያ ማን ሊሠራው ኖሯል?» አልኳት።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን።

ሁለተኛውን ነጠላ ልትዘረጋ ነው። አይታ ሳትጨርስ ልውጣ።

ወንድምህ ሀብተ ጊዮርጊስ