ጢሜን ተላጭቼ የተቀመጥኩ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሀዋኒ ባዳሳ። ብዕሩን የያዘው ዳግማዊ ነው፤ ሮቤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ታውቂዋለሽ። እጁ የሱ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። ገና አፌን ስከፍት «ጉዳዩ» ብሎ ከላይ ጽፎ ነበር፤ ልጄን አልከስም ብዬ አስፋቅኩት። የምናገረውን ሳታለዝብ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ ደህና ነው? የልጅ ልጄ ኡርጂስ? የዚያ አገር ብርድ ከሳነቴ ተራራ ብርድ ይብሳል ብለሽኝ ነበርና እግሯን ሸፍኚላት። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስንዴው ዘንድሮ ፍሬ ይዟል፣ ዝናቡም ለክፉ አልሰጠንም። ይህ ሰላምታ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለውም ከልቤ ነውና እንዳመጣጡ ተቀበይው።

በስልክ ለምን እንዳልጨረስኩልሽ ታውቂያለሽ። አለቀስሽ። ልጅ ስታለቅስ አባት ነገሩን ይውጣል። ወረቀት ግን ቢያለቅሱበትም አይደነግጥም።

ባለፈው የገበያ ቀን ወዚር ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ወላሂ አባ ባዳሳ፣ ልጅዎ ናት በሬዲዮ የምታወራው፣ ይምጡ ይስሙ!» አለኝ። ሰዉም «የጭንቅላት ፎቶ አንሺዋ አባት መጡ፣ ቦታ ልቀቁ» እያለ በርጩማ ሰጠኝ። እንዲህ እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ተቀመጥኩ፤ ደረቴን ነፍቼ ሰማሁሽ። የሰው ፊት የሚለይ ቦታ ከጆሮ ኋላ ከአንጎል ግርጌ አለ አልሽ። ሰውን ጭንቅላት ፎቶ በሚያነሳው መኪና ውስጥ አስተኝተሽ የፊት ፎቶ ስታሳዪው ያ ቦታ ይበራል አልሽ። ያ ቦታ ሳይበራላቸው የሚወለዱ አሉ፤ ዓይናቸው ጤነኛ ነው፣ አፍንጫውንም ግንባሩንም ያያሉ፣ የማን እንደሆነ ግን አይመጣላቸውም አልሽ። ሰዉ ተደነቀ። ከዚያ እንዲህ አልሽ፦ «ከደጋ አገር የመጣ አንድ ገበሬ ነበር፤ ስሙን አልናገርም። ሰባ በጎቹን አንድ በአንድ ይለያል። ሚስቱን በድምጿ፣ ወንድሙን በጢሙ ነው የሚያውቀው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ጢሜን አየ።

እናትሽ ወለተሥላሴ ስትሞት፣ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንቺ የደረስሽው በሰባተኛው ቀን ነው። የቀብሩን ዕለት የሰማሽው ከሰው ነውና አሁን ከኔ ስሚ። እንደ ደንቡ ራሴንም ጢሜንም ተላጭቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ከድንኳኑ መግቢያ በስተቀኝ ተቀምጫለሁ። ታናሼ ጅሩ ደሎ መና ሄዶ ነበር፤ መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ እየጮኸ ገባ። ጉልበቱ ጉልበቴን ነክቶ አለፈኝ። አለፈኝና ከአጋርፋ የመጣውን የእናትሽን ዘመድ፣ ጢማሙን ኢዶሳን፣ አንገቱን አቅፎ «ኦቦ፣ ወንድሜ፣ ቤትህ ተዘጋ!» እያለ አለቀሰበት። ኢዶሳ የሚገባበት ጠፋው። ሰው ሳቀ። በእናትሽ ለቅሶ ላይ፣ ልጄ፣ ሰው ሳቀ።

በዚያ ሰሞን በግጦሽ ወሰን ክፉ ቃል ተነጋግረን ነበር። ስለዚህ ሆን ብሎ አዋረደኝ አልኩ። ሰው ጠቁሞት ወደኔ ሲመለስ ፊቴን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞርኩ። «ጅሩ!» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠራው በድምፄ ያውቀኝ ነበር። ኩራቴ አፌን ያዘው።

ከእናትሽ አርባ በኋላ ከሰስኩት፤ ጃርሶቹ፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ተቀመጡ። «ፊት ለፊትህ ተቀምጦ እንዴት አለፍከው?» አሉት። «ሰው ተቀምጦ አይቻለሁ፤ እሱ መሆኑን አላወቅሁም» አለ። «የአንድ እናት ልጅ! ላሜን አላወቅኋትም ብትል ይሻልህ ነበር» ብለው አላገጡበት። በግ ጎትተህ ወንድምህ ደጅ ቁም፣ አውቄ አጥፍቻለሁ በል ብለው ፈረዱ። «በጉን እሰጣለሁ፤ አውቄ ነው ግን አልልም» አለ። በጉን መለስኩበት። በሽማግሌ ፊት የዋሸ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለዕርቅ የጠራው፣ ለምርቃት ያስነሳው የለም። ልጁ ጃለታ ሚስት ሲጠይቅ የልጅቷ ወገኖች «ከውሸታም ቤት አንሰጥም» ብለው መለሱት። ይህን ፍርድ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የረታሁትም እኔ ነኝ።

አንቺ ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ለጥናትሽ መጣሽ። ከሰፈራችን አሥራ አንድ ሰው አዲስ አበባ ወስደሽ መኪናው ውስጥ ልታስተኚ ስትለምኚ፣ ሰዉ ደማችንን ይመጥጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። ልጄ ናት፣ በኔ ይሁንባችሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ጅሩም ላንቺ ሲል ገባ። ሲመለስ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ መኪና ነው ብሎ ለሰው ሲያወራ ከሩቅ ሰማሁ። ፊት እንደማይለይ ያን ጊዜ አወቅሽ። ስትሄጂ «አባዬ፣ ከአጎቴ ጋር ታረቅ፣ ክፋት የለበትም» አልሽኝ። ብለሻል፣ አልክድም። ታረቅማ ቄሱም ብለውኛል፤ ወዚርም ረመዳን በመጣ ቁጥር ይለኛል። «ፊት አይለይም» ማለት የሚችል ግን ካንቺ በቀር በዚህ አገር አልነበረም። የማያውቁሽ ሰዎች የጭንቅላቱን ፎቶ በግድግዳ ላይ አይተው አጨበጨቡልሽ፤ ሽልማት ይዘሽ የቆምሽበትን ፎቶ ልከሽልኝ ከቤቴ ሰቅዬዋለሁ። የወንድሜ ነገር እዚያ ፎቶ ውስጥ እንዳለ ሳላውቅ ለእንግዳ ሁሉ አሳየሁ።

መስከረም አሥራ አራት ጅሩ ሞተ። እኔ ስንዴ ውስጥ አረም እነቅል ነበር። ዋይታው ሲሰማኝ ለመንገዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ አስከሬኑ በኋላዬ አለፈ። አልተነሳሁም። ሬዲዮው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የዚያኑ ቀን ደወልኩልሽ። «አባዬ፣ ማን እንደሆነ መናገር አልችልም፣ ፈርሜያለሁ፤ ሊፈቅድልኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው» አልሽኝ። ለፊርማሽ ታማኝ ነሽ፣ ጥሩ ነው፤ ቃል የሚበላ ልጅ አላሳደግኩም። ግን ወንድሜን ከነስሙ ቀብረሽ ጥናትሽን ይዘሽ መቅረትሽ ቆሽቴን አሳርሮታል። የኔን ጥፋት አንቺ አትንገሪኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለን ጅሩ ገበያ መሀል የማያውቀውን ሰው ጋቢ ይዞ ይከተል ነበር፤ ጠፋህ እያልኩ በጥፊ የምመታው እኔ ነበርኩ። ይኼ ሁሉ አሁን አሁን እየመጣብኝ ነው።

ጃርሶቹን እንደገና ተቀመጡ አልኳቸው። ከነዚያ የቀሩት ሁለት ናቸው። «ፍርዱን አንሱለት፣ ሳልበደል ከስሼዋለሁ» ብላቸው «ከሳሹ አንተ፣ ምስክሩም አንተ፤ ይኼ አይሆንም። የምታውቀው ልጅህ ናት፣ እሷ ትናገር» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ለጅሩ ሚስት ለማናልበሽ በቄሱ በኩል መልእክት ላክሁላት። ምን ብላ መለሰች መሰለሽ? ጅሩ ከመኪናው የተመለሰ ጊዜ ሁሉንም ነግሯታል። «ለወንድምህ ንገረው» ስትለው «አንድ ጊዜ ውሸታም ተብያለሁ፤ አሁን የፈረንጅ መኪና ምስክሬ ነው ብል ሁለተኛ ውሸት ነው የሚሉት» አላት። ሰባት ዓመት ይህን ይዞ በደጄ ሲያልፍ ኖረ። ጢሜን እያየ «ሰላም ኦቦ» ይለኝ ነበር። አንድ ቀንም አልመለስኩለትም።

የምፈልገው ይህን ነው። ጥቅምት ሃያ ሦስት አርባው ነው፤ ሰው ሁሉ ጅሩ ቤት ይሰበሰባል፤ ሁለቱ ጃርሶችም ይመጣሉ። በዚያን ቀን በጃለታ ስልክ ደውይና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገሪ። ጅሩ አልዋሸም በይ። በአማርኛም በኦሮምኛም በይው፤ የዶክተር ቋንቋሽን ተይው። ለፊርማሽ ደግሞ፣ ዳግማዊ ባል ከሞተ ሚስት ትፈቅዳለች ይላል። ማናልበሽ ከፈቀደች የአውራ ጣቷን አሻራ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ታሳርፋለች፤ ዳግማዊ በስልኩ አንስቶ ይልክልሻል። ያ ካልበቃሽ የሚበቃሽን ንገሪኝና እስከ አዲስ አበባም ቢሆን በዚህ ጉልበቴ ሄጄ አመጣለሁ። እምቢ ካልሽ እኔው ቆሜ እናገራለሁ። አያምኑኝም፤ እኛም እሱን አላመንነውም።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ቋንቋችንን ባይሰማም አንገቱን ሰብሮ እጅ የሚነሳ ሰው ነው። ኡርጂን ጉንጯን ሳሚልኝ። ወዚርና ሚስቱ ሙሉካ ሰላም ብለውሻል፤ ሙሉካ ለወገብሽ የሚሆን ማር ከደሎ መና አስመጥቻለሁ ብላለች። ቄሱም በጸሎት አልረሳትም ብለዋል። ከጅሩ ቤት የማደርስልሽ ሰላምታ የለኝም፤ ለኔ አልሰጡኝም። ጃለታ «በሕይወት እያለሁ አጥሬን አያልፍም» ብሏል፤ እውነቱን ነው።

አባትሽ ባዳሳ
ሮቤ፣ ባሌ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

በል ዳግማዊ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ፤ ያለዘብከው ካለ አሁን እሰማዋለሁ። ከዚያ አብረን ጅሩ ቤት እንሄዳለን። አንተ ገብተህ ለማናልበሽ ታነብላታለህ፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ እቆማለሁ። ድምፅህን ከፍ አድርግ።