ዛፉ ጋ ወደ ግራ

ለተከበሩ አቶ ዴልማር ኦስትቦ፣
የማውንት ሃልዴን ገጠር አስተዳደር ሊቀመንበር፤
እንዲሁም ለተከበሩ የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለበርኒስና ለከብቶችዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ዘንድሮ የሰሜኑ ነፋስ ብርቱ ይሆናል ስለተባለ በተለይ ለጉሮሮዎ እንዲጠነቀቁ አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

እኔ ብዙ የማልናገር ሴት መሆኔን ያውቃሉ። ትምህርት ቤት የሄድሁት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን የተማርሁት በየመንደሩ ከሚዞረው የመጻሕፍት መኪና እየተዋስሁ ነበር። ምክር ቤትዎ መኪናውን ካስቀረ ወዲህ ልብ ወለድ ሲያምረኝ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ አነባለሁ። ቅር አላለኝም። ባለፈው ወር ያወጣችሁት ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መልክዓ ምድራችን። የአስተዳደራችን ስም "ማውንት"፣ ማለትም "ተራራ" ይላል፤ ተራራ ግን የለንም። ስሙን ያወጣው ሰው ወይ ቀልደኛ ነበር፣ ወይ ከባቡሩ ሳይወርድ ነው የሰየመን። ውሻ ቢጠፋብን ሦስት ቀን ሙሉ ሲሄድ ቁጭ ብለን የምናየው ሕዝብ ነን። ከፍተኛው ስፍራችን የቆሻሻ መጣያው ክምር ሲሆን፣ እርሱም በእርስዎ የአመራር ዘመን እጅግ ከፍ ስላለልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዚህ ጠፍጣፋ አገር ላይ፣ በየግቢያችን ለነፋስ መከለያ የተከልነው ሳይቆጠር፣ በመንገድ ዳር የቆመ ዛፍ አንድ ብቻ ነው። አንድ ስለሆነም ስም አላወጣንለትም። ዛፉ ነው።

ሁለተኛ፤ ዛፉ የቆመበትን ቦታ በተመለከተ። የጥንት ቀያሾች መንገዶቻችንን ወደ ሰሜን ቀጥ አድርገው ሲያሰምሩ መሬት ክብ መሆኗን ዘንግተው ኖሮ፣ እኛ ዘንድ ሲደርሱ መስመሩ ተዛነፈባቸውና መንገዱን ወደ ጎን ገፍተው እንደገና ጀመሩት። ስለዚህ ያ ለጥ ያለ ጠጠር መንገድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይታጠፋል፤ የማይታጠፍ ሰው ረግረጉ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ ናዛር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዛፉን እዚያ የተከለው በተጋባን ዓመት ነው፤ እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መንገድ እንዳትስት ብሎ። እናቴ የመጣችው አንድ ጊዜ ነው። ለምን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ የእኔና የእርሷ ጉዳይ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ነርሷም፣ ፖስተኛውም፣ የልጆቹ አውቶቡስም፣ በረዶ ሰማይና ምድሩን አንድ ሲያደርገው መንገድ ጠራጊው ግሬደርም ሳይቀር እኔን የሚያገኙኝ "ዛፉ ጋ ወደ ግራ" ብለው ነው።

ሦስተኛ፤ ምክር ቤትዎ ዛፉ "ለመንገድ ደኅንነት ሲባል" እንዲቆረጥ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እርስዎ በዚያው ሰሞን የገዙት አዲሱ የዘር መዝሪያ ማሽን ከመንገዱ ይልቅ ሰፊ ሆኖ ዛፉ ጋ ማለፍ እንዳቃተው ሰምቻለሁ፤ ሁለቱን ነገር የሚያገናኝ ክፉ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። በጨዋታ አዳራሹ በር ላይ አግኝቼ ብለምንዎ፣ "እትዬ ቨርና፣ ዛፍ እኮ ነው፣ ዘመድ አይደለም! ምልክት እንተክልልሻለን፤ ያውም የሚያበራ!" ብለው አጽናንተውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ በፊት እዚያው ከተከላችሁት የመጀመሪያውን ምልክት አዳኞች በጥይት ወንፊት አድርገውታል፤ ሁለተኛው ዛሬ የእርስዎ አጎት የዶሮ ቤት ጣሪያ ነው። ዶሮዎቹ መንገድ ስተው አያውቁም።

አራተኛ፤ የውሳኔው አፈጻጸም። የግሬደር ነጂያችን ላይል ያሬምኮ በዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው በመሆኑ፣ ቦታ የሚያውቀው ዛሬ በሌለ ነገር ነው፤ "እገሌ ጎተራውን ያቃጠለበት"፣ "ትምህርት ቤቱ የነበረበት" ቢሉት ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል። እናንተ ግን ዘመናዊ ለመሆን የዛፉን አድራሻ በቁጥር ብቻ ጽፋችሁ ሰጣችሁት። እርሱም ቁጥሩን እንዳቅሙ እየተከተለ አንድ መንገድ አልፎ ሄደና፣ በእርስዎ ግቢ ሰሜን በኩል አያትዎ የተከሉትን የነፋስ መከለያ ከዳር እስከ ዳር አነጠፈው። ጎረቤት እንደነገረኝ በርኒስ በቤት ጫማዋ ወጥታ፣ "ላይል! አብደሃል እንዴ? ምን እያደረግህ ነው?" ብትለው፣ "እኔን አትቆጪኝ በርኒስ፣ ወረቀቱ ነው። ለመሆኑ ቡና አፍልተሻል?" አላት። አፍልታ ነበር። ጨዋ ሰዎች ስለሆንን ቡናውን ጠጥቶ፣ ኬኩን አመስግኖ፣ የቀሩትን ሁለት ዛፎች ጨረሰ።

አሁን ደግሞ በመጪው ማክሰኞ ስሕተት እንዳይደገም እርስዎ ራስዎ ከፊት ሆነው ሊመሩት መወሰንዎን ተረዳሁ። ላይል የት እንደምትገናኙ ቢጠይቅዎ በስልክ የሰጡትን መልስ እርሱው ነግሮኛል፤ "ዛፉ ጋ ጠብቀኝ" ብለውታል። ክቡር ሊቀመንበር፣ ስለ ዛፉ ጥቅም እኔ በሁለት ገጽ የደከምሁበትን እርስዎ በሦስት ቃል ስለ ጨረሱልኝ አድናቆቴ ወሰን የለውም።

አምስተኛ፤ ዛፉን ተዉልኝ።

ሕፃን ሳሉ ያቀፍሁዎት፣ ለሊቀመንበርነት ሲወዳደሩም ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ ያለማመንታት የመረጥሁዎት፣ ከቆሻሻው ክምር ግርጌ ሆኜ ወደ ከፍታዎ የምመለከት ታዛዥዎ፣

ቨርና ሳውቹክ
የናዛር ሳውቹክ ባለቤት፣ ከዛፉ ወደ ግራ

ማስታወሻ፦ ለምክር ቤቱ ስብሰባ የሚሆን አንድ ነገር ላስታውስዎ። ጎተራው ከተቃጠለ ሃምሳ ዓመት አለፈው፤ ያቃጠለውን ሰው ስም ግን ዛሬም መንገድ በተጠየቅን ቁጥር እንጠራዋለን። ማክሰኞ ዛፉ ከተቆረጠ መንገዱ መታጠፉን አይተውም፣ እኛም መንገድ መጠቆማችንን አንተውም። ለእርስዎ ልጆች፣ ለልጅ ልጆችዎም፣ እኔንና እርስዎን ላላየ እንግዳ ሁሉ "ዴልማር ዛፉን የቆረጠበት ጋ ወደ ግራ" ሲባል ይኖራል። ለአንድ ሊቀመንበር ከዚህ የሚበልጥ ሐውልት ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ያውም ጥይት የማይበሳው፣ የዶሮ ቤት ጣሪያ የማይሆን።