ጥዬ እጅ ለነሳሁት ሰው ዳግመኛ እጅ ስለ መንሳት

ለተከበሩ ቱርዲቁል አካ፣
የዴኖቭ ወረዳ የኩራሽ ትግል ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ የጓሮዎ ሮማን ሁሉም ደህና ይሁኑልኝ። በተለይ መንጋጋዎ ጤና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔው በሽቦ ከታሰረ ወዲህ የመንጋጋን ዋጋ ጠንቅቄ አውቄአለሁ። መናገር ስለማልችል እጽፋለሁ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፈውም፣ በሠፈራችን ሽማግሌዎች ፊት «ዙልሁሞር ዝም ብላለች፤ ዝም ካለች ተስማምታለች» ብለው ስለ እኔ የመናገሩን ድካም ስለ ወሰዱልኝ፣ ምስጋናዬን እነዚያው ሽማግሌዎች እንዲያነቡት ብዬ ነው።

እርስዎ ሲተርኩት ስላጠረ፣ የሆነውን በሙሉ ላስታውስዎ። ልጃገረዶቹን አሠልጥኜ በገበያው ጀርባ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያልኩት ኦይቤክ ከኋላዬ መጥቶ ፀጉሬን ይዞ ወደ መኪናው ጎተተኝ። ዞሬ ቀበቶውን ጨበጥኩ፣ በዳሌዬ ላይ አሳልፌም በጀርባው አነጠፍኩት። እንደ እርስዎ «አካ» ብለን የምናከብራቸው ሐብሐብ ሻጩ ሳፋር አካ ከመደባቸው ብድግ ብለው «ሐላል! ይኸውላችሁ፣ ንጹሕ ሐላል!» ሲሉ ጮኹ። በእኛ ትግል ይህ ቃል ሙሉ ድል ማለት ነው፤ ከተባለ ግጥሚያው አልቋል። እኔም እንደ ተማርኩት ለቀቅሁት፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ፣ መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ በማለት እጅ ነሳሁት። ዓይኔ መሬት ላይ ሳለ ከቦዩ ዳር ባነሳው ድንጋይ መንጋጋዬን መታኝ። አንዲት ሴት «ኧረ ገላግሏቸው!» ስትል አንዱ «ተዪ፣ የእጮኛሞች ጠብ ነው» ብሎ መለሰላት። ኦይቤክ ደሜን ሲያይ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ከልጅነቴ ጀምሮ በእጅዎ ስላሠለጠኑኝ አመሰግናለሁ። ተጋጣሚሽ ጉልበቱ መሬት ከነካ ልቀቂው፣ ከቀበቶ በታች አትያዢ፣ አትምቺ፣ ዳኛው ቁሚ ሲልሽ ቁሚ፣ ስታሸንፊ እጅ ንሺ ብለውኛል፤ አንዱንም አልረሳሁም። ኦይቤክ ግን ከእነዚህ አንዱንም አልተማረም። መንገዱ ላይ የክብደት ምድብ አልነበረም። ዳኛም፣ ውጤቱን በትክክል ካወጁት ከሳፋር አካ በቀር፣ አልነበረም። ምንጣፍ ላይ መጣል የነገሩ መጨረሻ ነው፤ መንገድ ላይ መጣል ለመሮጥ የምትበቃ ትንሽ ፋታ ናት። እኔ ያቺን ፋታ በአክብሮት ጨረስኳት። ዋንጫ ያስገኘልኝን ሥርዓት ሁሉ አሟልቼ ስለ ተመታሁ በሥልጠናዎ ሊኮሩ ይገባል።

፪ኛ. ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስለ ጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው «ልጄ፣ ትግል ለምንጣፍ እንጂ ለአስፋልት አይደለም፤ የልጁ ጭንቅላት ተፈንክቶ ቢሆንስ ኖሮ?» ሲሉኝ ጣሪያውን እያየሁ ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ይህን ስጽፍም አልመጣም፤ ሾርባ በቀሰም እስባለሁ፣ መስኮቱን አያለሁ፣ ይመሻል። ምናልባት ንዴቱም እንደ እኔ ሥርዓት ጠብቆ ዳኛ እስኪያስገባው ውጭ ቆሞ ይሆናል።

፫ኛ. «ትግልን ከመድረክ ውጭ ተጠቅማለች» ብለው ከክፍለ ሀገሩ ውድድር ስላገዱኝ፣ የልጃገረዶቹንም አዳራሽ ስለ ቆለፉ። ኦይቤክን አላገዱትም፤ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ ሥልጣንዎ እርሱ ላይ አይደርስም።

፬ኛ. ቁልፉን የሚመልሱበትን መንገድ በአባትነት ስላመላከቱን። እናቴን አስጠርተው «እኅቴ፣ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ልጁ እናት ቤት ሂዱ። የይቅርታውን ቃል አንቺ ትናገሪያለሽ፤ ከልጅሽ የሚጠበቀው ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። ልጁ እኮ ገበያ መውጣት አቃተው፤ ባየው ቁጥር ሁሉም ‹ሐላል መጣ! ሐላል መጣ!› ይለዋል» አሏት። እናቴ አልቅሳ ዳቦውን ጋገረች።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ሰው አንድ ጊዜ እጅ ነስቻለሁ። ምን እንዳተረፈልኝ የሐኪሙ ሽቦ ይመሰክራል፤ ሁለተኛ መንጋጋ ደግሞ የለኝም። ስለዚህ አልሄድም። ቁልፉም እርስዎ ዘንድ ይክረም። ልጃገረዶቹ በግቢያችን፣ በወይኑ ጥላ ሥር፣ አሮጌ ፍራሽ ዘርግተው ይለማመዳሉ። በእጄ እያሳየሁ አስተምራቸዋለሁ። አወራወሩ እርስዎ ያስተማሩኝ ነው፤ ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ከጣሉ በኋላ ግን ማንም እጅ አይነሳም፤ ዘወር ብለው እየጮኹ እስከ ውጭው በር ይሮጣሉ። ጎረቤቶቻችን በጩኸቱ ተማርረዋል። እኔ መጮኽ ስለማልችል ለእኔም ጭምር እንዲጮኹልኝ ነግሬአቸዋለሁ።

ዳቦውን ከልምምድ በኋላ ልጆቹ ተካፍለው በሉት። ጥሩ በስሎ እንደ ነበር ነግረውኛል።

ዝምታዬ እንደ ስምምነት እንዳይቆጠርብኝ በታላቅ ትሕትና እያሳሰብኩ፣ ረጅም ዕድሜና ጥርስዎን ሁሉ የምመኝልዎ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ የምሰናበትዎ የቀድሞ ተማሪዎ፣

ዙልሁሞር ኤርጋሼቫ

ማስታወሻ፦ የልጅ ልጅዎ ሻሂስታም ትመጣለች፤ የጠራናት እንዳይመስልዎ፣ በራሷ እግር ነው የመጣችው። አወራወሯ ግሩም ነው፣ ሩጫዋም ፈጣን ነው። የቸገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጣለች በኋላ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች። ከቤት የመጣ ልማድ ይመስላል። በቶሎ እናስተዋታለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ እስከዚያው ግን በገበያው ጀርባ ብቻዋን ባይልኳት ጥሩ ነው።