ወደ ላይ አልወጣ ያሉት ወፎች

ደረበ፣ እንደምን ሰነበትክ? እዚህ አማዞን ጫካ፣ ናፖ ወንዝ ዳር ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የአገሩ ሰው የሆንኩት ግን ገና ዛሬ ነው።

ፖስት ካርዱ ላይ የምታያት ቡናማ ወፍ ሥራዋ ግንድ መውጣት ነው። በጠንካራ ጭራዋ ተደግፋ፣ ቅርፊቱን በምንቃሯ እየፈተሸች፣ ከሥር ጀምራ ዛፉን እየዞረች ትወጣለች። ዛሬ ጠዋት ግን ከቤታችን ጀርባ ሦስት ሆነው ግንዱ ሥር ተለጠፉና ወደ ላይ አልወጣ አሉ። ወዲያው ገባኝ። የጉንዳን መንጋ እየመጣ ነው፤ ከሱ የሚሸሹትን ነፍሳት ሊለቅሙ ነው የቆሙት።

"እትዬ ኤርሊንዳ፣ ሕፃኗን ያንሷት" አልኩ። አከራዬ ወፎቹን አዩና የልጅ ልጃቸውን አዝለው "በሩን ክፈተው" አሉኝ። እኛ አገር ቢሆን እንደ እማማ ዘነቡ አመድ እንበትን ነበር፤ እዚህ ቤቱን ለጉንዳኑ ለቀው ይወጣሉ። ጫማዬን ላጠልቅ ስል እጄን መቱኝ።

"ተወው እሱን። በባዶ እግሩ ስለወጣ የሞተ ሰው የለም።"

ጎረቤት ቤት ቺቻ የሚሉትን የካሳቫ ጠላ ስንጠጣ ቆይተን ተመለስን። በረሮ የለ፣ ሸረሪት የለ። ጫማዬን ባራግፈው የተበላ ጊንጥ ጭራ ዱብ አለ።

እትዬ ኤርሊንዳ አይተውት "ዛፍ ላይ ያለውን ታያለህ፣ እግርህ ሥር ያለውን አታይም" ብለው ሳቁብኝ።

ቦታ አለቀብኝ። የእማማ ዘነቡን ጉልበት ሳምልኝ፤ ያን አመዳቸውን ግን ጠርገው ለጉንዳኑ በሩን ይክፈቱለት በላቸው።

ባዶ እግሩን ያለው ወንድምህ፣ መኩሪያ