ቦይለሩና የሐጂ ቧንቧ

ጥቅምት 11፣ ጧት 12፡30

ዛሬም የጀሪካኑ ውሃ በረዶ ሠርቶ አደረ። የሮቤ ጥቅምት እንዲህ ነው። እኔ ግን ምን ገዶኝ፣ ቦይለር አለኝ! ሌሊቱን በርቶ ያድራል፤ በሙቅ ውሃ ታጥቤ መ/ቤት እሄዳለሁ። የጋሽ ታደለ እጅ ይባረክ። የባለቤቴ የደረጀ አጎት ነው። ይህን ቤት ግድግዳውንም፣ ጣሪያውንም፣ ቧንቧውንም፣ መብራቱንም የሠራው እሱ ብቻውን ነው። የቤቱ ቁልፍ እንኳ እጁ ላይ ነው።

አንተ ደብተር፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም እንዳትል። እማዬ ከጎባ ልትመጣ ነው። ጉልበቷ ከሰል ላይ ስለማያስቀምጣት የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ፤ ማስገቢያ ሶኬት ግን የለም። ጋሽ ታደለ ደግሞ ሥራ ይዞ ዶሎ መና ወርዷል። ስለዚህ ፈቃድ ያላት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከጎባ ቀጠርኩ። ቤትህን የሠራ ዘመድ እያለ ባዕድ መጥራት እዚህ ስድብ ነው። አማቴ ብትሰማ አለቀልኝ።

ጎረቤታችን ሐጂ ከአጥሩ ማዶ እጃቸውን እያሹ ቆመዋል። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አልኳቸው። ለፈጅር፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውዱእ ሲታጠቡ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ይደነዝዛል። ሐኪም ቤት ሄደው ስኳርም ግፊትም የለብዎትም ተባሉ። ብርዱና ዕድሜው ነው ብዬ የሱፍ ጓንት ሰጥቻቸዋለሁ። ምስኪን፣ ሰሞኑን ጠውልገዋል።

ጥቅምት 13፣ ከሰዓት

ባለሙያዋ መጣች። ሰሚራ ትባላለች። ገና ከባጃጅ ሳትወርድ ፈቃዷን አሳየችኝ፤ ማን ጠየቃት? ኮስታራ ናት። ሻይም አልፈለገችም። እግረ መንገድሽን የምታንጠባጥበውን ቧንቧ እሰሪልኝ አልኳት። አልሠራም፣ የእኔ ሥራ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ ለቧንቧ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ አለችኝ። ጋሽ ታደለ ቢሆን ሁለቱንም ሠርቶ፣ አጥሩን አቃንቶ፣ ምሳ በልቶ ይሄድ ነበር። ተናደድኩ።

ሶኬቱን ከመሥራቷ በፊት ቤቱን ካላየሁ አለች። ቦይለሩን ከፍታ አየች፣ አበራችው፣ ሽቦ ተከትላ ግቢ ወጣች፣ አጎነበሰች። የኤሌክትሪክ መሞከሪያዋን ከመሬት በሚወጣው የብረት ቧንቧ ላይ አስጠጋች። በራ።

ቧንቧ ላይ! መብራት!

ክው አልኩ። እሷም ፊቷ ተለዋወጠ። ሮጣ ቦይለሩን አጠፋችው። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከቦይለሩ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ አለ፤ ለብቻው በተቀበረ ዘንግ ላይ መታሰር ነበረበት። ጋሽ ታደለ ግን ከውሃ ቧንቧው ጋር አስሮታል። ቦይለሩ ደግሞ ውስጡ ተበላሽቷል። እኔን ያልያዘኝ የመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ፕላስቲክ ስለሆነና ከላስቲክ ጫማ ስለማልወርድ ነው።

ይህ ብረት ወዴት ይሄዳል ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ሐጂ ግቢ ነው የሚሄደው። አንድ መስመር ነው የምንጋራው።

ሐጂ። ንጋት ላይ። በባዶ እግራቸው፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ የብረት ቧንቧ ጨብጠው። እኔ ሙቅ ውሃዬን እየጠበቅሁ ተኝቼ።

ጓንት ነው የሰጠኋቸው። ጓንት!

በዚያው ቀን፣ ማታ 1፡00

ሰሚራ ሽቦውን ፈታችው። ቦይለሩ እስኪጠገንና ዘንግ እስኪቀበር እንዳይበራ ብላ ሄደች። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ትመለሳለች።

ለደረጀ ደወልኩ። መኪናውን ይዞ ሻሸመኔ ነው። መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ለሐጂ አትንገሪ አለ፤ ጋሽ ታደለ ነገ ይመጣል፣ በቤተሰብ ይታይ፣ ሰውየውን አታዋርጂብኝ። ወዲያው አማቴ ደወለች። እንዴት እንደሰማች እንጃ። ያሳደገንን ሰው በማይታወቅ ልጅ አስፈተሽሽው አለችኝ። አሁን እኔ ጥፋተኛ ሆንኩ!

ሽቦው ተፈቷል፣ ማንንም አይነካም፣ አንድ ቀን ምን አለው ብዬ ለሐጂ ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ጥቅምት 14፣ ማታ

ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

ከሥራ ስገባ የቦይለሩ ቀይ መብራት በርቷል። ነካሁት፤ ሞቋል። ጋሽ ታደለ በራሱ ቁልፍ ገብቶ ሽቦውን መልሶ አስሮታል። በዚያች ቅጽበት አዛን ተሰማ። የመግሪብ አዛን፣ የምሽቱ ሶላት ጥሪ።

የመብራቱን ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ እንዴት እንደጣልኩት አላውቅም። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ። ሐጂ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ወደ ቧንቧው እጃቸውን እየዘረጉ ነው። እንዳይነኩት ብዬ ጮህኩ። ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ አበደች ብለው ወጡ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሐጂ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«ያ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እኔኮ አጀሌ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

እጃቸው በደነዘዘ ቁጥር ሞት የጠራቸው መስሏቸው ኖሯል። ለማንም ሳይናገሩ መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለዋል። በቅርቡ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ የሄዱትም ለመሰናበት ነው። ከፈናቸውን፣ የመገነዣ ጨርቃቸውን፣ ገዝተው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። ከፈኑን አዴ ፋጡማም አያውቁም ነበር፤ አሁን ሰምተው እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሐጂ ግን አልሐምዱሊላህ እያሉ ይስቃሉ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አንድ ሰው በእኔ ሙቅ ውሃ ምክንያት ኑዛዜውን ጨርሷል!

ጓሮዬ የነበረው ጋሽ ታደለ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የማስረው፣ ማን ሞተ አለኝ። በሕይወቴ ለታላቅ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ስለ ሐጂ እጅ፣ ስለ ከፈኑ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። መጀመሪያ ሊመልስልኝ ነበር። እስከ ክርን ይደነዝዛቸዋል ስል ግን ቆመ። የትኛው እጅ ብሎ ጠየቀኝ። ቀኙ ስለው ወጥቶ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ጥቅምት 15፣ ጧት 1፡00

ፈጅር ላይ አጥሩ ሥር ቆሜ የሐጂ ውሃ ሲወርድ አዳመጥኩ። ጨርሰው ጠሩኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዝቃዛ ብቻ ነው አሉኝ። አሁንም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታደለ። ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ። ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ባለቤቱ እትዬ አስናቀች ልብስ ባጠበች ቁጥር እጄን እያለች ስታማርር ከርማለች። እሱም ቁርጥማት ነው ብሎ ቅባት ሲገዛላት ነበር። የእሱ ቤት ቦይለር የተሰቀለው አምና ነው፤ እጇም የጀመራት ያኔ ነው።

ያቺ ልጅ መጀመሪያ የእኔ ቤት ትምጣልኝ አለኝ። መብራቱን አጥፍተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሌሊቱን አጥፍቶ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ ነው ያደረው።

ቀጥሎ የአማቴ ቤት። ከዚያ እሱ የሠራቸው ሁሉ፤ ራሱ እየመራ ያሳየናል፣ አብረን እየዞርን እናስጠፋለን። ሰሚራ ደወለች፣ ባጃጁ ደርሷል። ጋሽ ታደለ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሐጂም እሄዳለሁ ብለው ከዘራቸውን ይዘው እየወጡ ነው። በቃ፣ ልሂድ።