የሁለተኛው ቅጽ ዕጣ

እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2003

ደመና። ጠዋት ልብስ አጠብኩ፣ ጫማ ቀለም ቀባሁ። ከሰዓት ዕጣ።

ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጡረተኛው መምህር ደጉ፣ የመድኃኒት ቤቷ ዙፋን። ያሉንን የቆዩ ልብ ወለዶች አዋጥተን ርዕሶቻቸውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈናል። ብጣሾቹ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ናቸው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እያንዳንዳችን አንድ እናወጣለን። የወጣልህን ታነባለህ። መለወጥ የለም፣ ገጽ ማጠፍ የለም። እንደ እቁብ ዳኛ አለው፤ ዳኛው እኔ ነኝ።

ደጉ ዛሬም ያንኑ ጀመረ። "ያንን የሩሲያዊውን ሁለተኛ ቅጽ ስጠኝ። አንደኛውን ዋጫ ከተማ ሳስተምር ነው ያነበብኩት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰውየው ከእስር ይውጣ አይውጣ ሳላውቅ!"

"እሱማ ጋሽ ደጉ..." ዙፋን ልትነግረው።

"ዋ! እንዳትነግሪኝ!" ወደ እኔ ዞረ። "በእቁብ እንኳ የቸገረው ሰው ዕጣ ይለቀቅለታል።"

"ምን ቸገረህ?"

መልሱን ትቶ እጁን ወደ ጣሳው ሰደደ።

አለቀቅኩለትም። ሌላ ወጣለት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

ቢሮ ግምገማ። ለስልጠና የሚሄደው ሰው ስም ተነበበ... የኃላፊው የእህት ልጅ። "በመስፈርቱ መሠረት" ይላሉ! መስፈርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተነስቼ ተናገርኩ። ኪራይ ሰብሳቢ ተባልኩ።

ዘመድ የማያውቅ የቀረኝ ያ ጣሳ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ደጉ መጽሐፉን መለሰ። እንደ ልማዴ ጠየቅኩት።

"ባልቴቷ ቤቷን ለማን ሸጠች?"

"ለ... ለወንድሟ።"

አልሸጠችም! ቤቱ ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ተቃጥሏል።

"አላነበብክም" አልኩት። "ዕድሜ ልክህን ልጅ በኩረጃ ስትቀጣ ኖረህ፣ ዛሬ ሳታነብ ትመልሳለህ?"

ዙፋን "ጋሽ ከፈለኝ፣ ይተዉት" አለች። አልተውኩም። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፣ ዕጣም ሳያወጣ። ደረጃው ላይ ተደናቀፈ። ንዴት ነው አልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ልክ ነኝ። አላነበበም። ታዲያ ለምን ይከነክነኛል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ገበያ። የደጉ ሚስት በዛወርቅ ማር ተራ አገኘችኝ። ሰላምታ የለም።

"ባሌን ኮራጅ ብለውታል አሉ?"

"እትዬ በዛወርቅ፣ ደንቡ..."

"ደንብዎን ይያዙት! ዓይኑ እየጠፋ ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉት። አንዲት ገጽ ለማንበብ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ይታገላል፣ እንባው ይወርዳል። ጠብታውን ከማን ይገዛል መሰለዎት? ዙፋንን ለማንም እንዳትነግሪ ብሏታል።"

"ለምን ለእኔ...?"

"'እንደ ጤነኛ ሰው የሚጣላኝ ከፈለኝ ብቻ ነው' ይላል። እንዳያዝኑለት ፈርቶ።"

ማር ሻጩ "ልመዝን?" ይለኛል። ማር ሳልገዛ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሁለተኛውን ቅጽ ጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ መለሰልኝ።

"ዕጣ ወጣልኝ?"

"ደጉ፣ ተው እንጂ..."

"አልወጣልኝማ! ደንብ ነው፣ የተከበሩ ዳኛ። ለዕውር የሚመጸወት መጽሐፍ አልፈልግም።"

"ታዲያ ከነጭራሹ ልትቀር ነው?"

"ለምን እቀራለሁ? መጥቼ ዕጣዬን አወጣለሁ።"

በራሴ ደንብ ገረፈኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ባጃጅ ቆመልኝ፤ አልፈለግኩም። በእግሬ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 3

መጣ። ዙፋን ክንዱን ይዛ።

ብጣሾቹ ላይ ሁሉ የሁለተኛውን ቅጽ ርዕስ ልጽፍባቸው አስቤ ነበር። ብዕር አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አልቻልኩም። ያ ጣሳ ከተበላሸ ምን ቀረኝ?

እጁን ከተተ። አገላበጠ፣ አወጣ። ብጣሹን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። ወደ መስኮቱ አዞረ... ከዚያ ሰጠኝ።

"አንብብ።"

የወጣው የጨው ነጋዴው ታሪክ ነበር።

"ሁለተኛው ቅጽ" አልኩ።

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ዙፋን በትከሻዬ አሻግራ አይታለች። ብጣሹን ከእጄ ወሰደች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ጋሽ ደጉ፣ ዛሬስ ቀንቶዎታል!"

ደጉ ወደ ድምፄ ዞረ። "ማን ሊያነብልኝ ነው?"

"ዳኛው" አልኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17

ከቢሮ ስወጣ በየቀኑ እሱ ቤት ነኝ። ስቸኩል "ቀስ በል፣ ግምገማ ላይ አይደለህም" ይለኛል። በዛወርቅም ሥራዋን ትታ ታዳምጣለች። እኔን ግን ገና አላናገረችኝም።

ነገ ለሕክምና ጅማ ይሄዳል። የግራው ዓይን አይመለስም ብለውታል፤ ለቀኙ እንሞክር ነው የሚሉት። እሱ ቀልድ ያወራል። ሌሊት እንደማይተኛ ግን ፊቱ ይናገራል።

ዛሬ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። እስረኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ ቁልፉ ሲዞር ይሰማል። እዚያ ላይ አቆምኩ። የሚመለስበት ነገር ይኑረው ብዬ።

"ምነው?" አለ።

"መሸ። ፊደሉ አይታየኝም።"

ገና ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ አርፋለች። መዳፉን ሙቀቱ ላይ አኖረ፣ ቆየ።

"መሸ ካልክ መሸ" አለ። "ስመለስ ግን የተጻፈውን አንብብልኝ። እንደዚያ ብጣሽ እንዳታደርገው።"

ገጹን አጥፌ መጽሐፉን እጁ ላይ ተውኩለት።